ድምፅ ሳናሰማ የበላነው ሱሁር

ባለፈው ዓመት ረመዳን አጋማሽ ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በማሌዥያ የፔናንግ ደሴት፣ ጆርጅ ታውን ከተማ በሚገኝ አንድ ጸጥ ያለ ሆስቴል ውስጥ ሰባት የማናውቃቸውን ሴቶች በአንድ ጊዜ ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስን። የቀሰቀሳቸው ስልካችን ነው። አዲስ አበባ እያለን ለሱሁር የምንነሳበትን ማንቂያ አዛን አድርገን፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍተን ነበር የሞላነው። ያ አዛን በዚያች ስምንት አልጋ በያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲያስተጋባ፣ ከላይኛው አልጋ የተኛችው አንዷ ብድግ ስትል ጭንቅላቷን ከጣሪያው ጋር አጋጨች። ሌላዋ የእሳት አደጋ መስሏት ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሮጠች። ስልኩ ደግሞ ከትራስ ሥር ተንሸራትቶ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ገብቷል። እጅ አይደርስበትም። አዛኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰማ።

እኛ ስንል ባልና ሚስት ነን። ሚስት ፎቅ ላይ በሴቶች ክፍል፣ ባል ምድር ቤት በወንዶች ክፍል ነበር ያረፍነው። የፎቁ ወለል አሮጌ ጣውላ ስለሆነ ባልየውም አዛኑን ከታች ሰምቶታል። «መስጂዱ እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ!» ብሎ አላህን አመስግኖ ዉዱእ ሊያደርግ ተነሳ። ነገሩን እስኪረዳ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ወስዶበታል።

እዚያ የተገኘነው ለሽርሽር አልነበረም። ልጃችን ደሴቷ ላይ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ያ ረመዳን ከቤት ርቃ ያሳለፈችው የመጀመሪያዋ ነው። ጾሙ በገባ በስድስተኛው ቀን ደወለችና ቤተ ሙከራ ውስጥ ራሷን ስታ እንደወደቀች፣ የክፍሏ ልጆች ክሊኒክ እንደወሰዷት፣ አሁን ግን ደህና እንደሆነች ነገረችን። «ደህና ነኝ» ያለችበት ድምፅ የደህና ሰው ድምፅ አልነበረም። ምግብና ውሃ አንሷት ነው ብለዋታል። «ሱሁር ትበያለሽ?» ስንላት «እበላለሁ» ትላለች። «ስታፈጥሪስ?» «በደንብ ነው የምበላው።» ታዲያ ምን አገኛት?

በቤታችን ሁለት ቀን ሙሉ ክርክር ሆነ። ከሁለታችን አንዳችን (የትኛችን እንደሆንን ይቅር) ልጅቷ ትመለስ፣ ትምህርቷን እዚሁ አገሯ ትጨርስ አልን። ሌላኛችን ደግሞ ስንት ደክማ ያገኘችውን ዕድል በአንድ መውደቅ እንዴት ታጣለች አልን። በመጨረሻ ሄደን በዓይናችን አይተን እንወስን ተባባልን። ለሁለታችን የደርሶ መልስ ቲኬት ቆረጥን። የሦስተኛ ሰው መመለሻ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ በፖስታ አድርገን ከቦርሳው የውስጥ ኪስ ከተትን። ስለ ፖስታው ለልጃችን አልነገርናትም።

ማረፊያውን የፈለገችልን እሷው ናት። የተማሪዎቹ ማደሪያ እንግዳ አያሳድርም፤ ለአሥር ሌሊት ሆቴል መክፈል ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። ሆስቴል ስትለን መጀመሪያ ደንገጥ አልን። ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ዓለምን የሚዞሩ ወጣቶች የሚያርፉበት፣ ክፍል ሳይሆን አልጋ የሚከራይበት፣ ወጥ ቤቱም መታጠቢያውም የጋራ የሆነ ቤት ነው። በእኛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቦታ? ያውም በረመዳን? «አባዬ፣ ይሄኛው ጸጥ ያለ ነው» አለች። «መጠጥ አይገባበትም፣ የሴትና የወንዱ ክፍል የተለያየ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እማዬን ራሴ አስገባታለሁ።» ለእንዲህ ዓይነት ቤት አዲስ ለሆነ ቤተሰብ ከአልጋው ዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት እሷ የጠየቀችውን ነው። እኛ ብንሆን ስለ ዋጋው ብቻ ነበር የምንጠይቀው።

ከኳላ ላምፑር ባተርወርዝ ድረስ በባቡር አራት ሰዓት ያህል ተጓዝን፤ ከዚያ ጠባቡን የባሕር ወሽመጥ በጀልባ ተሻግረን ደሴቷ ላይ ወረድን። ለመንገደኛ ጾሙን አፍርሶ በኋላ መክፈል የተፈቀደ ነው። ከሁለታችን አንዳችን በተፈቀደው ተጠቀምን፣ አንዳችን ጾመን ገባን። ጀልባው ላይ አንዳችን ውሃ ስንጠጣ ሌላኛችን ወደ ባሕሩ እያየን ነበር።

ሆስቴሉ የድሮ የሱቅ ቤት ነው። ጆርጅ ታውን እንዲህ ባሉ ቤቶች የተሞላች ናት። ፊታቸው ጠባብ፣ ውስጣቸው ግን እንደ ዋሻ የረዘመ፣ ምድሩ መነገጃ፣ ፎቁ መኖሪያ የነበረ ቤቶች ናቸው። ፎቁ ወደ ፊት ወጣ ስለሚል ከሥሩ ያለው የእግረኛ መንገድ ከፀሐይም ከዝናብም ይጠለላል። በእነዚህ ቤቶችና በሰፈሮቿ ምክንያት ከተማዋ ከማላካ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከቤቱ መካከል ጣሪያ የሌለው ክፍት ቦታ አለ። ብርሃንና አየር የሚገባው በእሱ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ውሃው ቀጥታ ቤቱ መሐል ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲመጣ እንግዳው ሁሉ ያነበበውን ትቶ ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ዝናቡን ያያል። ሌላ መዝናኛ የለም፤ ቴሌቪዥን እንኳ የለም።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይሄ ብቻውን ግማሹን ስጋታችንን አቀለለው። በባዶ እግር የሚገባበት ቤት ሰው ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መታጠቢያው ውስጥ የእጅ ቧንቧ አለ፣ ለዉዱእ አያስቸግርም። የምድር ቤቱ ጣሪያ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቀስት ተለጥፏል። ማሌዥያ ውስጥ በየማረፊያው የሚለጠፍ የቂብላ ምልክት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰሜን ፊት ለፊት ቆመን መስገድ የለመድን ሰዎች ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን አዘንብለን ስንቆም የመጀመሪያው ቀን ግር ይላል። ለመግሪብ ስንዘጋጅ ፀሐይዋ ራሷ በቂብላው አቅጣጫ ትጠልቃለች።

የጾሙ ርዝመት ከእኛው ብዙም አይለይም። አዲስ አበባም ፔናንግም ከምድር ወገብ ብዙ የማይርቁ ስለሆኑ ቀንና ሌሊታቸው ሁሌም ተቀራራቢ ነው። የሚለየው ሙቀቱ ነው። የእንጦጦን ነፋስ የለመደ ሰው እዚያ አገር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እንኳ ላብ ያጠምቀዋል። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ የታጠበ ልብስ ሲያድርም አይደርቅም። ከአሥር ሰዓት በኋላ አፍ የሚደርቀው ከምግብ ይልቅ ከላቡ ነው። እሱን ካየን በኋላ ልጃችን መውደቋ ሳይሆን እስካሁን መቆሟ ነው የገረመን። ሰዓቱም አደናግሮናል። ሰሌዳው ላይ መግሪብ 7፡35 ተብሎ ተጽፎ ስናይ ለአፍታ «በቀትር?» ብለን ተያየን። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ35 መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35 ነው፤ ዘመዶቻችን ረሃቡ ሲጀምራቸው እኛ ተምር እንይዛለን።

የከተማው ብዙ ነዋሪ የቻይና ዝርያ ያለው ነው። ስለዚህ ቀን ምግብ ቤቱ ክፍት ነው፣ መጥበሻው ይንጫጫል፣ ሽታው መንገድ ላይ ይጠብቅሃል። ከሆስቴሉ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ የካፒታን ክሊንግ መስጂድ አለ፤ ከሕንድ የመጡ ሙስሊሞች በ1800ዎቹ መጀመሪያ ያቆሙት ነው። በዚያው መንገድ ላይ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን፣ የቻይናዎች ቤተ መቅደስና የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ተራ በተራ ቆመዋል። መርካቶ ላይ አንዋርንና ራጉኤልን ጎን ለጎን እያየ ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ እኛ የገረመን ከዚያ ብዙም ሳይርቅ «የአርመን መንገድ» የሚባል ማግኘታችን ነው። አርመን ሰፈር ድረስ ተከተለን እንዴ ብለን ሳቅን። መስጂዱ ውስጥ ከአስር ሶላት በኋላ ሰው ዕቃ ይዞ ይሰለፋል፤ በትልልቅ ድስት የተሠራ ቅመም የበዛበት የሩዝ ገንፎ በነጻ ይታደላል። ከእኛ ሹርባ ይወፍራል፣ ከገንፎ ይቀጥናል። ለባዶ ሆድ እንደዚያ የሚስማማ ነገር አልቀመስንም።

ወደ ማንቂያው ሌሊት እንመለስ። አዛኑ ካበቃ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የወረደው ዝምታ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። በዓለም ላይ ካሉ ማረፊያዎች ሁሉ ጸጥ ያለውን መርጠን መጥተን፣ የበጠበጥነው እኛው። ሚስትየዋ በእጇ ይቅርታ እየለመነች ወደ ወጥ ቤት ወረደች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ማታ ማታ የጋዝ ምድጃው ይዘጋል። የሚፈቀደው የውሃ ማፍያና የሩዝ ማብሰያ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከአገር ቤት በሶና ጭኮ ይዘን ነበር። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፤ ለእንዲህ ያለ ቤት የተፈጠረ ምግብ ነው። በሹክሹክታ እየበጠበጥን ሳለ የሌሊቱን ጥበቃም ጽዳቱንም የሚሠሩት እናት ገቡ። ማሌ ናቸው፤ ሁሉም «ማክ ቺክ» ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ሊቆጡን መስሎን ተነሳን። እሳቸው ግን በሳህን ክዳን የሸፈኑትን ሩዝና ዓሣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከጎናችን ቁጭ አሉ። ለካ አሥራ አራት ሌሊት ሙሉ ሱሁራቸውን በዚያ ወጥ ቤት ብቻቸውን ሲበሉ ኖረዋል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የእሳቸውም የእኛም የተሰባበረ ነው፣ ተግባባን። በሶውን ቀመሱ፤ ፊታቸውን አኮማትረው ስኳር ጨመሩበት፤ ከዚያ ጨረሱት።

ሲነጋ ከገበያ ሙዝ ገዝተን ሰባቱንም ይቅርታ ጠየቅን። ጭንቅላቷን ያጋጨችው ጀርመናዊት በብስክሌት አገር የምታቋርጥ ናት። ግንባሯን እያሸች «ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?» አለች። በየቀኑ ያንን ሰዓት እንደምንነሳ ስንነግራት ተቆጥታ ሳይሆን ለማወቅ ነበር የጠየቀችው። ማታ ስንገባ የመተላለፊያው ትንሽ አምፖል እንዲበራ ተትቷል። ሲከፈት የሚያቃስተው በር ደግሞ ማጠፊያው ዘይት ተቀብቷል፤ ማክ ቺክ ናቸው። ስልኩንም የሚንቀጠቀጥ ብቻ አድርገን ትራሱ ውስጥ ከተትነው።

ያን ዕለት ልጃችን ለማፍጠር መጣች። ቀጥናለች። መንገድ ላይ ከተዘረጋው የረመዳን ገበያ ሙርታባክና የሸንኮራ ጭማቂ ይዛ፣ ዝናብ በሚወርድበት ክፍት ቦታ ዙሪያ አብረን ተቀመጥን። ማሌዎች ማፍጠርን «ቡካ ፑዋሳ» ይሉታል፣ ጾምን መክፈት እንደማለት ነው ብላ አስረዳችን። ተምሩን ቀምሰን ሰግደን ከተመለስን በኋላ የአዛኑን ታሪክ እያጋነንን ነገርናት። ጀርመናዊቷን፣ ቦርሳ ይዛ የሮጠችውን፣ «መስጂዱ ቅርብ ነው» ያለውን አባቷን። እኛ በሳቅ ፈረስን። እሷ አልሳቀችም። ሳህኗን ገፋ አደረገችና፦

«እኔ እኮ እሱን ፈርቼ ነው» አለች።

ቀስ በቀስ ወጣ። የምታድረው ከአንዲት የቻይና ዝርያ ካላት ማሌዥያዊት ተማሪ ጋር ነው። ልጅቷ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጥንታ ነው የምትተኛው። ልጃችን ለሱሁር ስትነሳ መብራት ማብራት አልደፈረችም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጨለማ ብስኩት ትበላ ነበር፤ የብስኩቱ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ልጅቷ ስለተገላበጠች ብስኩቱን ተወችው። ከዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ሦስት ተምር። ቀጥሎ ውሃ ብቻ። ውሃውንም ጥቂት ነው የምትጠጣው፤ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ በሩ ድምፅ ያሰማል። «ሱሁር እበላለሁ» ያለችን ውሸት አልነበረም። ያንን ነበር ሱሁር ያለችው።

«ለምን አልነገርሻትም?» አልናት።

«ምን ብዬ? በሰው አገር፣ በሰው እንቅልፍ?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሰው እንዳታስቸግሪ ብላችሁ አይደል ያሳደጋችሁኝ» አለችን።

ለዚህ መልስ አልነበረንም። እውነቷን ነው። ጎረቤት ቤት ስትሄድ፣ ዘመድ ዘንድ ስታድር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛት ያልናት የመጨረሻ ቃል ይሄው ነው። እኛ ራሳችን ሰባት ሰው ባንቀሰቅስ ኖሮ በዚያ ሆስቴል አሥሩን ሌሊት በጨለማ በሶ እየላስን እንጨርስ ነበር። ማክ ቺክም ብቻቸውን ይበሉ ነበር፤ በሩም እንዳቃሰተ ይቀር ነበር።

ነገ ንገሪያት አልናት። እሺ አለች። በነጋታው ስንጠይቃት «ፈተና ላይ ናት» አለች። በሦስተኛው ቀን «ስልክ እያወራች ነበር» አለች። ዓይን አፋርነቷ ከማን እንደመጣ ስለምናውቅ አልተቆጣናትም። ግን መመለሻችን እየቀረበ ነው፣ ፖስታውም ቦርሳው ውስጥ ነው። ከሁለታችን መመለሷን ስንል የነበርነው ሰው ፖስታውን አውጥተን ቆጥረን መልሰን ከተትነው።

እንዲህ ሆነን በምንጠብቅባት ሌሊት ነው ማክ ቺክ ስለ አቼ መንገድ ያጫወቱን። ከሆስቴሉ አቅራቢያ ያለ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ስምንት ማዕዘን ሚናራ ያለው መስጂድ ቆሟል፤ ከሱማትራዋ አቼ የመጡ የዓረብ ዝርያ ያላቸው ነጋዴ ሰይድ ሑሴን አል-ዓይዲድ እ.ኤ.አ. በ1808 ያቆሙት ነው። ያ መንገድ በአንድ ወቅት «ሁለተኛይቱ ጂዳ» ይባል ነበር። ከሰሜን ማሌዥያ፣ ከደቡብ ታይላንድ፣ ከሱማትራ ለሐጅ የሚነሱ ሰዎች እዚያ ተሰብስበው መርከብ ይጠብቃሉ። መንገዱ ግራና ቀኙ የሐጅ ወኪሎች ሱቅ፣ የመጽሐፍ መሸጫና የማረፊያ ቤት ነበር። መርከቡ እስኪመጣ ተጓዡ ሳምንታት ይቀመጣል። በ1970ዎቹ አውሮፕላን መርከቡን ሲተካ መንገዱ ጸጥ አለ። የማክ ቺክ አያት ለእነዚያ ተጓዦች ምግብ ያበስሉ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ እስከ አሥር ሰው ይተኛ ነበር፤ የአንዱ ቋንቋ ለሌላው አይገባም፤ ሌሊት ሁሉም በየሰዓቱ እየተነሳ ይሰግዳል፣ ይስላል፣ ያለቅሳል ብለው ነገሩን። «ማን ይተኛ ነበር ታዲያ?» ስንላቸው ሳቁና «ማንም» አሉ።

እኛም አያቶቻችን ያወሩን ትዝ አለን። ከወሎ በእግራቸው ተነስተው፣ ቀይ ባሕር ዳር ደርሰው፣ በየሰው ደጅ እያደሩ የተሻገሩት። «የአላህ እንግዳ ነኝ» ብለው በር የሚያንኳኩት። እነሱ ሰው ማስቸገርን እንዲህ አልፈሩም።

በስምንተኛው ቀን ከካፒታን ክሊንግ መስጂድ ከተራዊሕ ስንወጣ ልጃችን የእናቷን ክንድ ያዘች። እየሳቀች ነው እያለቀሰችም ነው፣ በመንገዱ መብራት አይለይም። ነግራታለች። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ከትራሷ ሥር የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ አውጥታ አሳየቻት። አብረው ማደር ከጀመሩበት ቀን ጀምሮ እሱን አድርጋ ነው የምትተኛው። ልጃችን በጨለማ ስለምትነሳ አይታው አታውቅም። «መብራቱን አብሪው፣ ከፈለግሽም ዝፈኚ፣ እኔ አልሰማም» ብላታለች። አክላም «ሐዘን ላይ ያለሽ መስሎኝ ነበር፤ ምግብ ስትተዪ እያየሁ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ዝም አልኩ» አለቻት።

ያን ሌሊት ሆስቴሉ ውስጥ ከቤት ባመጣነው በተፈጨ ቡና ሦስታችንና ማክ ቺክ ቡና ጠጣን። ዕጣን አልነበረም፣ ጭስ ከለከሉን። ስኒ አልነበረም፣ በብርጭቆ ነው። ድምፅ ዝቅ አድርገን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተጫወትን። ፖስታውን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንላት። «የምን ነው?» አለች። ነገርናት። ለረጅም ጊዜ አየችውና «ለመቼ ነበር?» አለች። «ለከነገ ወዲያ» አልናት። ፖስታውን በአንድ ጣቷ ወደ እኛ ገፋችው።

ስንመለስ የቀረውን በሶ በሙሉ ትተንላት መጣን። እስከ ዒድ ይበቃታል ብለን መጥነን ነው የተውነው። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ በእኛ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስልካችን ትራስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ክፍሏ መብራት በርቶበት፣ ከኋላዋ ያለው አልጋ ላይ ዓይኗን የሸፈነች ልጅ ተኝታ፣ እሷ ስትበላ እናያለን። በልታ እስክትጨርስ ስልኩን አንዘጋም። ከዚያ እንተኛለን፣ ለራሳችን ሱሁር ደግሞ እንደገና እንነሳለን።

በአምስተኛው ሌሊት በሶው ማለቁን ነገረችን።

«እንዴት? ለአንድ ሰው እስከ ዒድ ይበቃል ብለን አይደል የተውነው?»

«ሁለት ነን» አለች። «ከጥናት ስትነሳ እሷም ትበጠብጣለች።»